ዋጋ ከመቀነስዎ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ወደዚህ ዓምድ የደረሱት ደብዳቤዎች ጸሐፊዎቻቸው በተለያየ ሥራ የተሰማሩ ቢሆኑም፣ አብዛኞቹ «ተፎካካሪ መጣብኝ፣ ምን ላድርግ?» በሚል አንድ ጭንቀት የተያያዙ ሆነው ስላገኘኋቸው አምስቱን መርጬ በአንድነት ለመመለስ ወስኛለሁ። ለመጀመሪያው ከሌሎቹ የሰፋ ቦታ የሰጠሁት ጠያቂዋ ሒሳባቸውን ሳይደብቁ በቁጥር ስለላኩልኝ ነው፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ በዓመት አንድ ቢመጣ ነው።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና በሶ አዘጋጅቼ መሸጥ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ስድስት ሠራተኞችም አሉኝ። በወር በአማካይ 800 ኪሎ በርበሬ እሸጣለሁ። ኪሎውን የምሸጠው በ600 ብር ሲሆን፣ ዛላውን፣ ቅመሙን፣ ጉልበቱን፣ ወፍጮውንና ማሸጊያውን ስደምር 480 ብር ያስወጣኛል። ካለፈው መስከረም ወዲህ አንድ ትልቅ ፋብሪካ በቴሌቪዥን እያስተዋወቀ፣ ባማረ ማሸጊያ የታሸገ በርበሬ በ530 ብር ማቅረብ በመጀመሩ ሦስት ሱፐርማርኬቶች ከእኔ መውሰድ አቁመዋል። ባለቤቴ ዋጋ እንቀንስ ይላል፤ ልጄ ማስታወቂያ እናሠራ ትላለች። የግብይት ስትራቴጂ የሚባለው ነገር ለእኔ ቢጤው ይሆናል ወይ?

መልስ፦ በመጀመሪያ የባለቤትዎን ሐሳብ በላኩልኝ ቁጥር እንመርምረው። በአሁኑ ዋጋ ከአንድ ኪሎ 120 ብር፣ ከ800 ኪሎ ደግሞ በወር 96,000 ብር ይቀርልዎታል። ዋጋውን በ10 በመቶ ቀንሰው 540 ብር ቢያደርጉት ከኪሎው የሚተርፈው 60 ብር ብቻ ይሆናል፤ ዋጋው በ10 በመቶ ሲወርድ ትርፉ በግማሽ ወረደ ማለት ነው። የቀድሞውን 96,000 ብር ለማግኘት ከእንግዲህ በወር 1,600 ኪሎ መሸጥ ሊኖርብዎት ነው። ይህን ያህል ዛላ የሚቀነጥሱ እጆች፣ የሚሰጣበት ቦታና ለግዢው የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ 540 ብርም ቢሆን ከፋብሪካው ዋጋ ይበልጣል፤ እርስዎ 520 ቢያደርጉት ፋብሪካው በማግሥቱ 500 ሊያደርገው ይችላል።

አሁን ሒሳቡን ገልብጠን እንየው። ዋጋዎን በ600 ብር ይዘው ቢቆዩና ግማሹ ደንበኛዎ ጥሎዎት ቢሄድ፣ ከቀሪው 400 ኪሎ የሚያገኙት 48,000 ብር ነው። ዋጋ ቀንሰው አንድም አዲስ ደንበኛ ሳያገኙ ያንኑ 800 ኪሎ ቢሸጡ የሚያገኙትም ይኸው 48,000 ብር ነው፤ ድካሙ ግን እጥፍ ነው። እርግጥ ኪራይና የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ሽያጭ ስለቀነሰ አብረው ስለማይቀንሱ ስሌቱ በተግባር መዛነፉ አይቀርም። ቢሆንም፣ ብዙ ነጋዴ ዋጋ ሲቀንስ የደንበኞቹን ግማሽ በገዛ እጁ የማባረር ያህል እየከፈለ መሆኑን አያስተውልም። ፋብሪካው በ530 ብር ሲሸጥ የሚከስር መስሎዎት ከሆነ ደግሞ ልብ ይበሉ፤ በምርት ወቅት በብዛትና በጥሬ ገንዘብ ዛላ የሚያከማች ሰው፣ በየሳምንቱ በርበሬ በረንዳ ወርዶ ከሚገዛ ሰው ባነሰ ዋጋ እንደሚያገኝ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በወጪ በሚበልጥዎት ሰው ሜዳ ላይ በዋጋ መግጠም የሚያዋጣዎት አይመስለኝም።

በደብዳቤዎ ስለ ተፎካካሪ ሲጽፉ ያነሡት ፋብሪካውን ብቻ ነው። በከተማችን ግን ዛላውን ራሷ መርጣ ገዝታ፣ ቀንጥሳና አስጥታ፣ ቅመሙን በእናቷ መጠን ለክታ ወደ ሰፈሯ ወፍጮ ቤት የምትወስድ እመቤት ዛሬም አለች፤ በእኔ ግምት ከፋብሪካው ይልቅ ብዙ ገበያ የያዘችብዎት እሷ ናት። ለምን ይህን ሁሉ እንደምትደክም ቢጠይቋት፣ ገንዘብ ለመቆጠብ ነው ከማለቷ በፊት «የተፈጨ በርበሬ ምን እንደተቀላቀለበት በምን አውቃለሁ?» ትልዎታለች። ሸክላ ፈጭተው ከበርበሬ ጋር ቀላቅለው ሲሸጡ ስለተያዙ ሰዎች በየጊዜው በዜና ስንሰማ ስለኖርን ፍርሃቷ መሠረት አለው። እርስዎ በተሰማሩበት ገበያ ውስጥ ከዋጋ ይልቅ የሚከብደው ጉዳይ ይህ እምነት ማጣት ነው፤ ፋብሪካውም በቴሌቪዥን ማስታወቂያው ሊያሸንፍ የሚጥረው ይህንኑ ነው።

ስትራቴጂ ለእኔ ቢጤው ይሆናል ወይ ላሉት፣ ቃሉ ከበድ አለ እንጂ ነገሩ፣ ለማን እንደሚሸጡ፣ ያ ሰው ከሌላው ይልቅ እርስዎን የሚመርጥበት ምክንያት ምን እንደሆነ፣ ያንን ምክንያት ለመጠበቅ ሲሉም የትኛውን ሥራ እንደሚተዉ መወሰን ነው። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ገበያ መተው እንደ ሽንፈት ስለሚቆጠር ይመስለኛል።

ከፋብሪካው የሚለዩበትን ምክንያት ሲፈልጉ፣ እርሱ ቢፈልግም እንኳ የራሱን ሥራ ሳይጎዳ ሊያደርገው የማይችለውን ነገር ይፈልጉ። ፋብሪካ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ጣዕምና ቀለም ለማቅረብ የማረቆውን ዛላ ከአለባው፣ የአለባውን ከቡሬው መቀላቀል ግድ ይለዋል። «ይህ ባለፈው ማክሰኞ የተፈጨ የማረቆ በርበሬ ነው» ብሎ በአንዱ ማሸጊያ ላይ ቢጽፍ፣ የቀረውስ የየት ነው፣ መቼስ የተፈጨ ነው የሚል ጥያቄ በምርቱ ሁሉ ላይ ይጠራል። በየዙሩ 50 እና 60 ኪሎ የሚያዘጋጁት እርስዎ ግን ይህን ለመጻፍ ከአንድ ማኅተም የበለጠ ወጪ የለብዎትም። ስለዚህ የዛላውን አገር፣ የተፈጨበትን ቀንና የገቡበትን ቅመሞች ማሸጊያው ላይ በሙሉ ይጻፉ፤ በመሸጫዎ ውስጥም ከዚያው ዙር የተረፈ ዛላ በሚያሳይ ዕቃ ያስቀምጡ፤ ገዢ ነካ አድርጎ፣ አሽትቶ፣ ዛላውን ከዱቄቱ ጋር አስተያይቶ ይውሰድ። በርበሬ በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ስለሚያበቅል፣ በየተወሰነ ጊዜ ናሙና ለኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ወይም ዕውቅና ላለው ሌላ ላቦራቶሪ ሰጥተው የምርመራውን ውጤት ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ ወጪው የሚቆጭዎት አይሆንም።

ከዚህ የሚበልጠው ሐሳቤ ግን ወደ ወፍጮ ቤት የምትሄደዋን እመቤት ይመለከታል። እርስዎ ዘንድ መጥታ ዛላውን መርጣ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማውና በሶብላው በእሷ መጠን ገብቶ፣ በቀጠሮ ቀን በስሟ ታሽጎ የምትረከብበትን አገልግሎት ቢከፍቱላት፣ ለኪሎው 600 ሳይሆን 680 ብር ብትከፍል የምትጎዳ አይመስለኝም፤ የምታወዳድረው ከፋብሪካው 530 ብር ጋር መሆኑ ቀርቶ ቀናት ከሚፈጅባት ድካም ጋር ይሆናልና። እንዲሁም ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ ሰው ሻንጣው ውስጥ በርበሬና ሽሮ ሳይዝ መሄዱ እምብዛም እንደሆነ ያውቃሉ፤ አየር ተመጥጦ የታሸገ፣ ይዘቱ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የተጻፈበት፣ ሽታ የማያወጣ «የመንገደኛ» እሽግ ከእነዚያ ሦስት ሱፐርማርኬቶች የተሻለ ገበያ ሊሆንልዎ ይችላል። ሱፐርማርኬቶቹን ይተዉአቸው። መደርደሪያ ላይ ከፋብሪካው እሽግ ጎን ሲቀመጡ ገዢ የሚያየው ማሸጊያና ዋጋ ብቻ ነው፤ በሁለቱም ተበልጠዋል፤ እየተሸጠ በሚከፈል ሒሳብ ደግሞ ለዛላ መግዣ የሚሆን ገንዘብዎ እነርሱ ዘንድ ታስሮ ይቆያል። ያ ገንዘብ በምርት ወቅት በእጅዎ ቢኖር ኖሮ ወጪዎ 480 ብር ባልሆነም ነበር።

የልጅዎን ሐሳብ አልቃወምም፤ የምለው ጊዜው አሁን አይደለም ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት አንድ አነስተኛ የሳሙና አምራች ሳማክር ማስታወቂያውን አስቀደምኩ። ማስታወቂያው ሳሙናው ባልደረሰባቸው ከተሞች ሁሉ ተሰማ፤ ሰው ከየሱቁ ጠይቆ ሲያጣ ያገኘውን የሌላ አምራች ሳሙና ገዛ፤ ደንበኛዬ ለተፎካካሪዎቹ ማስታወቂያ ከፍሎ ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የልጅዎ ቪዲዮ ዛላው ሲመረጥና ሲቀነጠስ፣ የምርመራው ወረቀት ሲለጠፍ የሚያሳይ መሆን ስላለበት መጀመሪያ የሚታየው ነገር ይኑር። ለባለቤትዎም የሚሆን መካከለኛ መንገድ አለ፦ በአንድ ጊዜ 600 ብር ማውጣት የሚከብደው ደንበኛ እንዳይሸሽ ሩብ ኪሎውን በ155 ብር ያሽጉለት፤ የኪሎው ዋጋ ሳይነካ ከኪስ የሚወጣው ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ በአዳማ አንድ ሚኒ ማርኬት አለኝ። ከእኔ 200 ሜትር ርቀት ላይ ትልቅ ሱፐርማርኬት እየተሠራ ሲሆን ከስድስት ወር በኋላ ይከፈታል ተብሏል። ከመከፈቱ በፊት ማድረግ የምችለው ነገር አለ ወይስ ቦታ መቀየር ይሻለኛል?

መልስ፦ ስድስት ወር ቀድመው ማወቅዎ ትልቅ ሀብት ነው። ብዙ ሰው መልስ መስጠት የሚጀምረው ተፎካካሪው ሪባን ከቆረጠ በኋላ ነውና፣ ቀድሞ መዘጋጀት ምን እንደሚመስል በአገራችን በግልጽ የታየበትን የቴሌኮም ገበያ ላስታውስዎት። ኢትዮ ቴሌኮም ገበያው ለውድድር እንደሚከፈት ከተነገረ በኋላ ተፎካካሪ እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የድምፅ ጥሪ ዋጋውን በ40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔቱን በ43 በመቶ ቀነሰ፤ ቀጥሎም የአራተኛው ትውልድ ኔትወርኩን ከአዲስ አበባ ውጭ ወዳሉ ከተሞች አስፋፋ። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን ቴሌብርን ሥራ ያስጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ እንዲሰጠው መወሰኑ የተሰማው ከ11 ቀን በኋላ፣ ግንቦት 14 ነበር። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ሲጀምር ቴሌብር ከዓመት በላይ ሠርቶ ነበር፤ የሳፋሪኮም ተመሳሳይ አገልግሎት ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. እስኪጀምር ደግሞ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ከዚህ ውስጥ ለእርስዎ የሚጠቅመው የዋጋ ቅነሳው አይደለም፤ ለእርሱ አቅም ያስፈልጋል። የሚጠቅመው ቴሌብር የሠራው ሥራ ነው። ሲም ካርድ መቀየር ቀላል ነው፤ ገንዘብ የሚቀበሉበትን፣ የሚልኩበትንና ሒሳብ የሚከፍሉበትን ቁጥር መተው ግን ያስቸግራል። የእርስዎም ሥራ በስድስቱ ወራት ውስጥ ደንበኛው ወደ ሌላ ሲሄድ የሚያጣው አንድ ነገር እንዲኖረው ማድረግ ነው። የሰፈርዎን ሰው በስም ያውቃሉ፤ ደመወዝ የሚወጣበትን ቀንም ያውቃሉ። ስለዚህ እስካሁን በቃል የሚሰጡትን ዱቤ በመዝገብና በገደብ አድርገው፣ በወር መጨረሻ በስልክ የሚከፈል ሥርዓት ይስጡት። በስልክ የታዘዘ ዕቃ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቤት ድረስ የሚያደርስ አንድ ልጅ ይቅጠሩ። ትልቁ ሱፐርማርኬት ሁለቱንም ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለማድረግ ቢሞክር የሠራተኛ ወጪው አይፈቅድለትም።

ዋጋን በተመለከተ ደግሞ፣ ሸማች የሁሉን ዕቃ ዋጋ አያስታውስም። ዘይት፣ ስኳር፣ ወተት፣ ፓስታ፣ የታሸገ ውሃና ምናልባት ሌሎች አምስት ወይም ስድስት ዕቃዎች ናቸው «እዚህ ቤት ውድ ነው» ወይም «ርካሽ ነው» የሚያሰኙት። እነዚህን ለይተው ከአዲሱ ሱፐርማርኬት እኩል ለማድረግ ይዘጋጁ፤ በሌላው ዕቃ ላይ ትርፍዎን ይጠብቁ። ቦታ ስለ መቀየር አሁን አይወስኑ፤ አንዳንድ ጊዜ ትልቅ ሱፐርማርኬት ወደ ሰፈሩ የሚስበው እግረኛ ለጎረቤትም ይተርፋል። ሱፐርማርኬቱ በተከፈተ በሦስተኛው ወር የሽያጭ መዝገብዎን ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር አስተያይተው ያን ጊዜ ይወስኑ።

ጥያቄ፦ ተፎካካሪዬ ቲክቶክ ላይ የእኔን ዕቃ ከራሱ ጋር እያነጻጸረ ያጣጥልብኛል። እኔም የእርሱን ጉድ ላውጣ?

መልስ፦ አያውጡ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ሌላ ነጋዴ ሐሰት የሆነ ነገር መናገርንና በሐሰት ላይ የተመሠረተ ማነጻጸርን ተገቢ ካልሆነ የንግድ ውድድር ይቆጥራል፤ የማስታወቂያ አዋጁም፣ ቁጥር 759/2004፣ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ቪዲዮዎቹን ከነቀናቸው ያስቀምጡና የንግድ ቢሮውን ወይም የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። ከገበያ አንጻር ካየነው ደግሞ፣ ሁለት ሻጭ ሲሰዳደብ ያየ ገዢ ሁለቱንም ይጠረጥራል። ያነሣው ጉድለት እውነት ከሆነ ግን ተፎካካሪዎ ያለ ክፍያ አማክሮዎታልና ያርሙት።

ጥያቄ፦ የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሲሆን እንጀራ ጋግሬ ለሐበሻ ማርኬቶች አስረክባለሁ። ጋጋሪው በዝቶ ማርኬቶቹ በየጊዜው ዋጋ እንድቀንስ ይጠይቁኛል። የእኔ እንጀራ ንጹሕ ጤፍ ነው፤ የሌሎቹ ስንዴና ገብስ የተቀላቀለበት ነው። ይህን እንዴት ወደ ገንዘብ ልቀይረው?

መልስ፦ በአሁኑ ገበያዎ ሊቀይሩት የሚችሉ አይመስለኝም። ከዚያው ማርኬት እንጀራ የሚገዛው ወገናችን የሚመዝነው በልስላሴው፣ በዓይኑና በኮምጣጣነቱ ነው። ሰልፍ ራይዚንግ የተባለው፣ ማፍያ የተጨመረበት የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት እንጀራ ለስለስ ስለሚልና ስለማይፈረፈር በዚህ ሚዛን አንዳንዴ ከንጹሕ ጤፍ እንጀራ ይበልጣል። ንጹሕ ጤፍ መሆኑ ትልቅ ዋጋ ያለው በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥ ያለውን ግሉተን የተባለ ፕሮቲን መብላት ለማይችል ሰው ነው፤ ይህ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሐበሻ ማርኬት አይመጣም። እንግዲህ ሸቀጡን ሳይቀይሩ ገዢውን መቀየር ይኖርብዎታል ማለት ነው።

ነገር ግን «ግሉተን የሌለበት» የሚለውን ቃል ማሸጊያ ላይ መጻፍ ኃላፊነት ያስከትላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ይህ ቃል የተጻፈበት ምግብ ውስጥ ያለው ግሉተን ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ20 እጅ በታች መሆን አለበት። ዱቄቱ ንጹሕ ጤፍ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። እርሾዎን ከየት አመጡት? ከዓመታት በፊት ስንዴ ከነካው ሊጥ የተወሰደ እርሾ ሲወርድ ሲዋረድ ከመጣ፣ በአዲስ ጤፍ አዲስ እርሾ መጣል ይኖርብዎታል። ማቡኪያው፣ ምጣዱ፣ ሰፌዱና ማሰሻው ሳይቀር ለሌላ እንጀራ የማያገለግል መሆን አለበት። ጤፉን የሚያስፈጩት ስንዴ በሚፈጭበት ወፍጮ ከሆነም ልፋትዎ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይዳሆ ውስጥ ጤፍ ስለሚመረት፣ ሲገዙ አቅራቢው ግሉተን እንደሌለው ያረጋገጠበትን ወረቀት ይጠይቁ፤ የራስዎን እንጀራም ላቦራቶሪ ልከው ያስመርምሩ።

ይህን ሁሉ ካሟሉ በኋላ የሚሸጡት ለጤና ምግብ መደብሮችና በየሳምንቱ ለሚቆሙ የገበሬ ገበያዎች ይሆናል። እዚያ እንጀራን የሚያወዳድሩት በአሥር አሥር ከታሰረው የሐበሻ ማርኬት እንጀራ ጋር ሳይሆን ግሉተን ከሌለው ውድ ዳቦ ጋር ነው። ስለዚህ በሁለትና በሦስት የታሸገ፣ መጠኑ ያነሰ፣ እንዴት እንደሚሞቅና ከምን ጋር እንደሚበላ የተጻፈበት እንዲሆን እመክርዎታለሁ። ኮምጣጣነቱን ለለመደ አፍ ብለው የሚያቦኩትን ሊጥ ለእነዚህ ገዢዎች አንድ ቀን ያሳጥሩት። የማርኬቶቹን ሥራ በአንድ ጊዜ አይተዉ፤ አዲሱ ሽያጭ የቤት ኪራይዎን መሸፈን ሲጀምር ግን በመጀመሪያ የሚያቋርጡት፣ ዋጋ ቀንስልኝ እያለ በብዛት የሚነዘንዝዎትን ማርኬት ይሁን።

ጥያቄ፦ የቆላሁትን ቡና አሽጌ የምሸጥበት ስም በጅማ ታውቆ ነበር። አሁን ሌላ ነጋዴ ስሜን በአንድ ፊደል ብቻ ቀይሮ ያሽጋል። ንግድ ፈቃዴ ላይ ስሙ ተመዝግቧል፤ ይህ አይበቃም ወይ?

መልስ፦ አይበቃም። የንግድ ስም ማለት ድርጅትዎ በንግድ መዝገብ የሚታወቅበት ስም ሲሆን፣ ዕቃዎን ከሌላው ዕቃ የሚለየው ምልክት የሚጠበቀው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የንግድ ምልክት ሆኖ ሲመዘገብ ነው። ምዝገባው ለሰባት ዓመት የሚጸና ሲሆን በየሰባት ዓመቱ ሊታደስ ይችላል። ሌላው ነጋዴ ቀድሞዎት ማመልከቻ ካስገባ የእርስዎን ቀዳሚነት በማስረጃ የማሳየት ሸክም ስለሚወድቅብዎት ዛሬ ነገ አይበሉ።

ስም ገንዘብ መሆኑን ለመረዳት ከቡና ውጭ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግዎትም። ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመልክታ፣ የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃውሞ አቅርቦ ነበር። ስታርባክስም ከዚያ ቀደም ብሎ ሲዳሞ የሚለው ቃል ያለበትን ስም ለማስመዝገብ ማመልከቻ አስገብቶ ስለነበር፣ ክርክሩ ከተጋጋለ በኋላ ሁለቱ ወገኖች በሰኔ 1999 ዓ.ም. ተስማሙ፤ ስታርባክስ ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን የሚያውቅ የፈቃድ ውል ፈረመ። ኢትዮጵያ ለፈቃዱ ክፍያ አልጠየቀችም። የፈለገችው ስሞቹ በዓለም ገበያ እንዲታወቁና ገበሬው በዋጋ ድርድር ላይ የሚይዘው ነገር እንዲኖረው ነበር። በጊዜው «ገንዘብ ሳይቀበሉ መስማማት ምን ይባላል?» ያሉ ብዙ ነበሩ፤ እኔ ግን ስሙን የጨበጠ ሰው ክፍያውን በሌላ ጊዜ ሊያነሣው ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ስም ሲያስመዘግቡ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «የጅማ ቡና» የሚል ስም ቢመርጡ፣ ጅማ የሁሉም ስለሆነ፣ ሌላውን ነጋዴ ከቃሉ ማገድ አይችሉም፤ የሚጠበቅልዎት ለዕቃው መግለጫ ያልሆነ የተለየ ቃል፣ ሥዕል ወይም የሁለቱ ጥምረት ነው። ከተመዘገበም በኋላ ስሙን ለማንኛውም ቡና መጠሪያ አድርገው አይጠቀሙበት፤ ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ሳለ ዛሬ ማንኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ «ሃይላንድ» ሲባል እንሰማለን፤ ኦሞም እንዲሁ ለዱቄት ሳሙና ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ለማመልከቻው የምልክቱን ግልጽ ቅጂ፣ ስሙን የተጠቀሙባቸውን ዓመታት የሚያሳዩ የማተሚያ ቤት ደረሰኞችንና የቆዩ ማሸጊያዎችን ሰብስበው ይያዙ፤ ክርክር ቢነሣ ቀዳሚነትዎን የሚመሰክሩልዎት እነዚህ ይሆናሉ። የዚያን ነጋዴ እሽግ አንድ ገዝተው ከነደረሰኙ ማስቀመጡንም አይርሱት።